ሳህኑን የሚያየው ልጅ

ሞተሬ ያን ቀን የነቃችው በጸጸት ነው። ሌላ ሰው ሲጸጸት አልጋው ላይ ይገላበጣል። እሷ ግን ፊቷን እንኳ በወጉ ሳትታጠብ፣ የአንድ እግሯ የጫማ ማሰሪያ እየተጎተተ፣ ከሴቶች ማደሪያ ወጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ትገሰግስ ጀመር። መንገድ ላይ ሰላም ያሏትን ሰዎች ሳትመልስላቸው አለፈች። ቅር አይላቸውም፤ ለምደዋታል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። መካኒክ ነውና፣ ገና በዳዴ ሳለች ጋራዡ ውስጥ በየመኪናው ስር እየገባች ስታስቸግረው፣ ይቺን የሚያጠፋ ቁልፍ አልተሠራም ብሎ ሞተሬ አላት። ስሙን ሰፈሩም ካምፓሱም ወረሰው። እስከ ዛሬ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ አንድ እግሯ ከጠረጴዛው ስር ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

ያን እግር የሚያሳርፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጭምቱ ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ቃል ከአፉ ተለምኖ የሚወጣ ልጅ ነው። እግሯ ሲብስበት ምንም ሳይናገር ጫማውን ቀስ አድርጎ ጫማዋ ላይ ያሳርፋል። አይጫናትም፤ ያሳርፋል ብቻ። ሞተሬ የወደደችው በዚያች ጫማ ነው ብል አልዋሸሁም።

ታዲያ ጉድ የሠራችው ይህንኑ ልጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው እሁድ ዕለት ነው። ጭምቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ምሳ ጋበዛት። ግቢው ሰፊ፣ ሳሎኑ ነጭ በነጭ የሆነ ቤት ነው። አባቱ ተቋራጭ ናቸው፤ እናቱ ደግሞ ትልቅ የቤት ዕቃ መሸጫ አላቸው። ሞተሬ ጠዋት አባቷን ጋራዥ ሄዳ ጠይቃ፣ ከዚያው በቀጥታ ነው የሄደችው። እናቱ በር ላይ ተቀብለው ሳሟትና ከወዴት እንደመጣች ጠየቋት። እውነቱን ተናገረች፤ ከአባቴ ጋራዥ አለች። ሴትየዋ ፈገግታቸው ሳይጎድል ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቡናማ ፎጣ ይዘው ተመለሱና ከምግብ ጠረጴዛው ነጫጭ ወንበሮች በአንዱ ላይ አነጠፉት። ጥጋጥጉን በእጃቸው እያስተካከሉ፣ “እዚህ ጋ ተቀመጪ የኔ ልጅ” አሏት። በሌሎቹ ወንበሮች ላይ ፎጣ አልነበረም።

ሞተሬ ተቀመጠች። የለበሰችው ቀሚስ እናቷ ከትናንት ወዲያ አጥባ የተኮሰችው፣ እጥፋቱ ገና ያልጠፋ ቀሚስ ነው። ቢሆንም ከፎጣው ይልቅ ያንገበገባት ጭምቱ ነው። አይቷል። ፎጣው ሲነጠፍ ዓይኗ ዓይኑን ፈለገ፤ እሱ ግን ሳህኑ ላይ አቀረቀረ፣ ምሳው እስኪያልቅም ቀና አላለም። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሲሸኛት እንኳ ከደህና ሁኚ በቀር አፉ ውስጥ ቃል አልነበረም።

ያን ዕለት ደሟ እንደፈላ ማደሪያዋ ገብታ ጻፈችው። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። የምትማረው እንግሊዝኛና የፈጠራ ጽሑፍ ነውና ይህ ብርቅ አይደለም። ግን ሌላም ምክንያት አላት፤ በእንግሊዝኛ ስትጽፍ ሰው ያማች አይመስላትም። በእናቷ ቋንቋ ቢሆን እጇን የሚይዛትን ነገር፣ በዚያኛው ያለ ሐፍረት ትዘረግፈዋለች። ፎጣውን ጻፈች። ነጩን ወንበር ጻፈች። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ማንም አይቀየማትም ነበር።

አላቆመችም። ጭምቱ አንድ ቀን፣ ዝናብ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ አስጠልሏቸው ሳለ፣ ለማንም ተናግሮ የማያውቀውን ነግሯታል። እናትና አባቱ በአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ፣ እንግዳ ከሌለ በቀር ቃል አይለዋወጡም። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ መሃላቸው ያስቀምጡትና፣ ለአባትህ ነገ መኪናውን እፈልገዋለሁ በለው፣ ለእናትህ ሰምቻለሁ በላት እያሉ በሱ ይላላካሉ። ሁለቱም ክንዱ ሥር ተቀምጠው። አንዱን ካየ ሌላው እየተቀየመ ቢያስቸግረው፣ ሳህኑን ማየት ለመደ። ይህን ሲነግራት ድምፁ ከዝናቡ በታች ነበር፤ እሷም ያኔ አልቅሳለታለች።

እሁድ ማታ ግን ያንኑ ጻፈችው። ይባስ ብላ አሾፈችበት። “ልጁ የቤቱ ስልክ ነበር፤ ሌሎች ይነጋገሩበታል እንጂ ራሱ የሚለው የለውም” የሚል ዓረፍተ ነገር ስታወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በራሷ ተደንቃ ፈገግ ብላለች። በታሪኩ መጨረሻ ልጅቷ በሩን ዘግታ ትወጣለች፤ ልጁም ዕድሜ ልኩን ሳህኑን እያየ ይቀራል። ጽሑፉን በማግስቱ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ጭምቱን መሸሽ ጀመረች። በኮሪደሩ ሲመጣ በሌላው ደረጃ ትወርዳለች፤ ሲደውል አታነሳም። ንዴቱ በርዶላት ያደረገችው ነገር ፊቷ ላይ የተደቀነው የሳምንቱ ጽሑፍ በሚነበብበት ቀን ጠዋት ሆነ።

ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ። የፈጠራ ጽሑፍ መምህርቷ የከረመ ሕግ አላቸው። ተማሪ የጻፈውን ልቦለድ ስሙን ሳያሰፍርበት ከቢሯቸው ደጃፍ ባለችው የእንጨት ሳጥን ይከታል፤ በየሳምንቱ ከገቡት አንዱ ይመረጥና ክፍል ውስጥ ሌላ ተማሪ ያነበዋል። ባለቤቱ ከሰው ተደባልቆ ይቀመጣል። ቢያወድሱትም ቢያብጠለጥሉትም ትንፍሽ አይልም። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ ብቻ የኔ ነው ብሎ ይቆማል፤ የመናገር ተራውም ያኔ ይደርሰዋል። ካልቆመ ጽሑፉ ወላጅ የለውም ይባላል፣ ውጤትም አይያዝለትም። መጽሐፋችሁን የገዛውን ሰው እቤቱ ድረስ እየተከተላችሁ ልታስረዱት አትችሉም፣ ዝምታን ከአሁኑ ልመዱት ይላሉ መምህርቷ።

ሞተሬ ስትደርስ ሳጥኑ ባዶ ነው።

የትምህርት ክፍሉን ቢሮ የምትይዘውን ሴትዮ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ የቁልፍ ዘለላ በጣቷ እያሽከረከረች፣ የገቡትን መምህርቷ ትናንት ወስደው እንዳነበቧቸው፣ የዛሬውንም መርጠው ኮፒ ቤት እንደላኩ ነገረቻት። ሞተሬ የተመረጠው የትኛው እንደሆነ እንደዋዛ ጠየቀች።

“እኔ ርዕሱን መች አየሁት” አለች ሴትዮዋ። “ብቻ አንዱን ሲያነቡ ለብቻቸው ሲስቁ ሰምቻለሁ። እሳቸው ደግሞ ዝም ብለው አይስቁም።”

ሞተሬ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳሳቃቸው ገብቷታል።

ኮፒ ቤቱ ከካምፓሱ በር ወጣ ብሎ፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ስር የተወሸቀ ጠባብ ክፍል ነው። ማሽኑ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል፤ የሞቀ ወረቀት ሽታ ደጅ ድረስ ይቀበላችኋል። የኮፒ ቤቱን ሰውዬ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቶቹን በስቴፕለር እያያያዘ አገኘችው። ከላይ ያለውን ርዕስ ከሩቅ አነበበችው። “ነጩ ወንበር” ይላል፣ በእንግሊዝኛ። የሷ ነው።

“ጋሼ፣ እሱን ጽሑፍ ይሰጡኛል? ስህተት አለበት፣ ሊታረም ነው።”

“ስህተት የሌለበት እዚህ መጥቶ አያውቅም፣ የኔ ልጅ” አላት ቀና ሳይል። “እኔ የማባዛው እንዳለ ነው።”

የክፍሉ ተጠሪ ካልመጣ ለማንም እንደማይሰጥ ጨምሮ ነገራት። ሞተሬ ወረቀቶቹን ላፍ አድርጋ እግሬ አውጪኝ ማለት ሁሉ አማራት። አንድ እጇን ዘርግታም ነበር። ተጠሪው ግን ከኋላዋ እያፏጨ ገባ፤ ክምሩን በብብቱ ወሽቆ፣ ዛሬ የሚያስቅ ነገር ነው አሉ ብሏት ወጣ። የተዘረጋ እጇን መልሳ ጸጉሯን አከከችበት።

አሁን የቀሩት መምህርቷ ብቻ ናቸው። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ደረሰችባቸው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ “መምህር፣ ዛሬ የሚነበበው ጽሑፍ…” ብላ ስትጀምር፣ ማን እንደጻፈው እንዳትነግሪኝ ብለው እጃቸውን አነሱ። ወዲያው ግን ፊቷን አዩትና እጃቸው ወረደ። ሰው ይውጣልኝ ካለ የማወጣው ነገር ነው አሏት ለዘብ ብለው፤ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ የኔ ነው ካለኝ ሌላ ይነበባል። እያዩዋት ጠበቁ። ከሷ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ጭምቱ ደረጃውን ጨርሶ ብቅ አለ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። መምህርቷን እጅ ነሥቶ፣ ከዚያ ወደ ሞተሬ ዞሮ ፊት ለፊት አያት። ይህ አመሉ አይደለም። ዓይኑ ውስጥ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ነገር አለ፤ ደስታም ይመስላል፣ ፍርሃትም። ከክላስ በኋላ የምነግርሽ አለኝ፣ ዛሬ እንዳታመልጪኝ አላት።

መምህርቷ አሁንም እየጠበቁ ናቸው። በሱ ፊት የኔ ነው ብትል፣ ምኑ ነው ያንቺ፣ ለምንስ ይውጣ አልሽ ማለቱ አይቀርም። ዓይኗን ወለሉ ላይ፣ ከተሰነጠቀች አንዲት ሸክላ ላይ ጣለችው።

“ምንም አይደለም መምህር” አለች። “ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።”

ሁለቱ ወደ ክፍሉ ሲገቡ እሷ ሸክላዋ ላይ ቆማ ቀረች። እሁድ ዕለት ጭምቱን ያየችበት አኳኋን አሁን በራሷ አንገት ላይ እንዳለ ተሰማት። ፈሪ ብላ ጽፋበት ነበር። ፈሪ ምን እንደሚመስል ገና አሁን አወቀችው።

ክፍሉ ውስጥ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ወረቀቱ ለሁሉም ታደለ። ሞተሬ እንደ ወትሮው ጭምቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ ብትቀመጥ ያስታውቅባታል። መምህርቷ የሚያነብ ሰው ሲፈልጉ ዓይናቸውን በክቡ ዙሪያ አዞሩ። አንድም እጅ ሳይነሣ ጭምቱ ላይ ሲደርሱ ፈገግ አሉ።

“ድምፅህን ከሰማነው ሰነበትን፤ ዛሬ አንተ አንብብልን።”

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ ጭምቱም አብሮ ሳቀ። ሞተሬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እግሯ ከወንበሩ ስር ሊገነጠል እስኪደርስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጭምቱ ጉሮሮውን ጠራርጎ የመጀመሪያውን ገጽ እያነበበ፣ ቀና ሳይል፣ እንደ ልማዱ ጫማውን ቀስ አድርጎ ጫማዋ ላይ አሳረፈ። የሚያነበው የሷን መሆኑን ሳያውቅ ነው ያረጋጋት። እንባዋን የምታደርግበት አጣች።

የቤቱን ግቢ አነበበ። ነጩን ሳሎን አነበበ። ፍጥነቱ ትንሽ ቀነሰ። እናትየዋ ፎጣ ይዘው ከጓዳ የወጡበት መስመር ላይ ሲደርስ፣ ጫማው ከጫማዋ ላይ ተነሣ።

ዝግ ብሎ ነው ያነሣው፣ እንዳሳረፈው ሁሉ። ወንበሩ ስር ሰብስቦ አስቀመጠው። ድምፁ ግን አልተለወጠም። የዝናቡን ቀን አነበበ፤ ሁለቱ ወላጆች በልጃቸው የሚላላኩበትን አነበበ። የስልኩ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንባቢ ሲሳቅ ማቆም አለበትና አቆመ። ሳቁ እስኪያልቅ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። ሞተሬ የገዛ ጆሮዋን ብትደፍን ደስ ባላት። ከዚያ ቀጠለ። በሩ ተዘግቶ ልጅቷ እስክትወጣ፣ ልጁ ሳህኑ ላይ እስኪቀር፣ አንዲት ቃል ሳይዘል አነበበላቸው።

ውይይቱ ደራ። በዚያ ክፍል ከበሩ ወዲህ እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚነገረው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛው ተሟሟቀ። አንዷ እናትየዋን አብጠለጠለች። አንዱ ልጁ ዱዳ ነው፣ እንዲህ ዓይነቱን ሴት ቀድማ መተው አለባት አለ። ሌላዋ የስልኩ ዓረፍተ ነገር የዓመቱ ምርጥ ናት አለች፤ የጻፈው ማን እንደሆነ ካወቅሁ እጁን እስማለሁ ብላ አሳቀች። ሞተሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቋምጥለት የኖረችው ሙገሳ ይኸው ደረሳት፤ እሷ ግን ወረቀቷን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። የሚያውቋት ዘወር ብለው ያዩዋታል፤ ለማንኛውም ነገር አስተያየት የማታጣ ልጅ ዛሬ ምን ነክቷት ነው ብለው።

በመጨረሻ መምህርቷ አንባቢውን ጠየቁ። ጭምቱ ወረቀቱን ጭኑ ላይ አጠፈው። በራሳችን ቋንቋ ልናገር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። መምህርቷ ይህን ለማንም ፈቅደው አያውቁም። ረጅም ጊዜ አዩትና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጽሑፉ ጥሩ ነው” አለ። “ፎጣውም እውነት ነው። ልጁ አይቶታል፣ አይቶም ዝም ብሏል። ለሱ ምክንያት አላቀርብለትም።” እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደ። “አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ልጁ ለምን ሳህኑን እንደሚያይ ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ራሱ ነግሯታል። ያንን ጽፋዋለች። ለማንም ተናግሮ የማያውቀውን ለምን ለሷ እንደነገራት ግን አልጻፈችም። እኔ እስከ መጨረሻው ድረስ እሱን እየጠበቅሁ ነው ያነበብኩት።”

ጸሐፊዋ ማለቱን ሰው ሁሉ ልብ አለው። መምህርቷ እንደ ሕጉ፣ ባለቤት ያለው ይቁም አሉ።

ሞተሬ መቀመጥ ትችላለች። ውጤቱ ይቅርባት እንጂ ማንም ጎትቶ አያስነሣትም፤ ጭምቱም አሳልፎ አይሰጣትም፣ ይህን በደንብ ታውቃለች። ተቀምጣ ብትቀር ግን ከዚያ ወንበር መቼም እንደማትነሣ ተሰማት። ቆመች።

“የኔ ነው” አለች፣ በእናቷ ቋንቋ።

ከክቡ ውስጥ እጁን እስማለሁ ያለችው ልጅ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሞተሬ ሌላ ጊዜ ብትሆን ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ ነበራት፤ አሁን ግን የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ አቀርቅሯል።

“ልጅቷን ያናደዳት ፎጣው አይደለም” አለች። “እሱ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ቢያያት ኖሮ ፎጣውን እዚያው ረስታው ትወጣ ነበር። ለምን እንደነገራት አልጻፍኩም፤ ያንን ብጽፍ ንዴቴ ይጠፋብኝ ነበር። ንዴቴ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ደብቄዋለሁ። በአደራ የተሰጠኝን ነገር ለማሳቂያ አዋልኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው ያላችሁኝ ሁሉ፣ ጥሩ አይደለም።”

ጭምቱ ቀና አለ። በሰው ሁሉ ፊት፣ እንባ ያቀረረ ዓይኑን ሳይደብቅ አያት። እሁድ ዕለት ያን ያህል የለመነችው ዓይን ነው። አሁን ስታገኘው መቋቋም አቃታት፤ ቢሆንም ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም።

ደወሉ ሳይደወል ጭምቱ ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። ሞተሬ ቦርሳዋንም ሳታነሣ ተከተለችው። ከሕንፃው ጀርባ፣ ብስክሌት በሚታሰርበት ቦታ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከጎኑ ለመቀመጥ ፈቃድ የሚያስፈልጋት መሰላትና ቆመች። ተቀመጪ አላለም፤ ቦርሳውን ግን ከአጠገቡ አነሣ። በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚበቃው ቦታ ትታ ተቀመጠች።

“ተናድጃለሁ” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ሲስቁ ጠበቅኳቸው። ሰምተሽኛል? ስቀው እስኪጨርሱ ንባቤን አቁሜ ጠበቅኳቸው።”

ሞተሬ ሰምቻለሁ አለች። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ በጣም ትንሽ ሆነባትና መልሳ ዘጋችው። እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በገዛ እጇ ጉልበቷን ይዛ ልታስቆመው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ያን ካደረገችው በኋላ እሱን አስቁምልኝ ማለት እንዴት ይቻላል?

ጭምቱ ብስክሌቶቹን እያየ ነው የጀመረው። “ጠዋት ልነግርሽ የነበረውን ልንገርሽ” አለ። “ሰኞም ልነግርሽ ነበር። ማክሰኞም። ስትሸሺኝ ከረምሽ።”

እሁድ እሷን ሸኝቶ ሲመለስ ፎጣው ገና ወንበሩ ላይ ነበር። ወላጆቹም ገና ጠረጴዛው ላይ። እንግዳዋ ወጥታለችና ወደ ልማዳቸው ተመልሰዋል። እናቱ ባላቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ለአባትህ፣ ልጅህ የጋራዥ ልጅ እቤት እንዳመጣ አይተሃል ወይ በለው አሉት።

“አንቺስ ምን አልካት አትዪኝም?” ብሎ ወደ ሞተሬ ዞረ።

“ምን አልካት?” አለች።

“ራስሽ ንገሪው፣ ይኸው አጠገብሽ ተቀምጧል አልኳት። እኔ የምለው ሌላ ነው፣ ፎጣውን ከወንበሩ ላይ አንሺልኝ አልኳት። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የራሴን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ብታዪው፣ የአንቺ እግር ምንም አይደለም።”

“እሷስ?”

“አላነሣችውም። ከዚያ አባቴ ተነሣ። ፎጣውን አንሥቶ አጣጠፈውና፣ ልጅቷ ደህና ደርሳለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔን እያየ፣ በቀጥታ። እናቴ እስከ ዛሬ ከሁለታችንም ጋር አትነጋገርም። አልተፈታም፤ ብሶበታል። ግን ተናግሬያለሁ።” እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ። “ያን ሌሊት አንቺ ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ እንደምቀር ጻፍሽ። ታሪኩ ገና እየሆነ ነው፣ አንቺ መጨረሻውን ቸኩለሽ ጻፍሽው።”

ሞተሬ ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ለሱ ያለቀሰችው የዝናቡን ቀን ነው፤ አሁን የምታለቅሰው ለራሷ ነው። ከሰኞ ጀምሮ በየደረጃው ስትሸሽ፣ ከኋላዋ የሚከተላት ልጅ ይህን ነበር የተሸከመው። አንድ ኮሪደር ላይ ቆም ብትል ኖሮ ሰምታው ነበር። ስትሮጥ የኖረችበት ሁሉ አንገበገባት።

“ይቅር እንድትለኝ አልጠይቅህም” አለች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። “ዛሬ አልጠይቅህም።”

“ዛሬ አልችልም” አለ ጭምቱ። “ብዋሽሽ ደስ አይልሽም። መቼ እንደምችልም አላውቅም።”

“እጠብቃለሁ።”

ጭምቱ ይህን ቃል ከሷ አፍ ሰምቶ ስለማያውቅ ዘወር ብሎ አያት። አውቶቡስ ሲዘገይ በእግሯ የምትሄድ፣ ሻይ እስኪበርድ ሳትጠብቅ ምላሷን የምታቃጥል ልጅ ናት። ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ግን አልሳቀም፤ ንዴቱ ገና ፊቱ ላይ ነው። መልሶ ብስክሌቶቹን ማየት ጀመረ።

ተማሪው ከየክፍሉ እየወጣ በአጠገባቸው ያልፋል። አንዳንዱ ያወራ የነበረውን ጸጥ እያደረገ ያያቸዋል። ሞተሬ ልሂድ ወይስ ልቆይ የሚለው ሲያናውዛት፣ እግሯም እንደዚያው ሲንቀጠቀጥ፣ ጭምቱ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ ወደሷም ሳያይ፣ በመካከላቸው በተተወው ቦታ እግሩን ዘረጋና ጫማውን ጫማዋ ላይ አሳረፈው። ከወትሮው ይከብዳል። ቂሙም አብሮ ነው ያረፈው። ሞተሬ ክብደቱን ወደደችው፤ ያማል፣ ግን የሱ ነው። እስከምታስታውሰው ድረስ የትም መሄድ ያላማራት ያን ቀን ብቻ ነው።